ባንዲራ ያስወረደች ካሴት

ሙዚቃ ሰው ያስለቅሳል ሲባል ሰምታችኋል። ሙዚቃ ሰው ይገድላል ሲባል ግን አልሰማችሁም፤ እኔ ገድዬበታለሁ። ያውም ትልቅ ሰው። የትኛውን ትልቅ ሰው እንደገደልኩ ለማወቅ መካነ ሰላም ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ተጨነቀች፤ እኔም አብሬያት ተጨነቅሁ። ዛሬ እየሳቅሁ ማውራቴ ተመስገን ነው። ያን ቀን ትከሻዬ ላይ ያለውን ነገር የኔ ጭንቅላት ብዬ ለመጥራት እንኳ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የከተማችን ኪነት ቡድን የመሣሪያ ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ብዙ መሣሪያ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ከበሮ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ጅማቱ የላላ መሰንቆ። ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ ከወዳጅ ሀገር የተላከ ስጦታ ነው ተብሎ በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ መሐል ተሸጉጦ አንድ ዕቃ መጣልን። ጀርባው ላይ ሲንተሳይዘር የሚል ተጽፎበታል። እኛ ኦርጋን አልነው፤ ኦርጋን ሆኖ ቀረ።

የተላከው የሰልፍ መዝሙር እንዲያጅብ ነበር። አላጅብም አለ። ከበሮ መቺው ዱም ሲያደርግ ኦርጋኑ ገና ከሩቅ እየመጣ ነው። አንዷን ቁልፍ ትጫኗታላችሁ፤ ወዲያው አትጮህም፤ ቆይታ፣ አስባበት፣ እየተጎተተች ትመጣለች። ጣታችሁን ስታነሡ ደግሞ አትሄድም። እንደ ወሎ እንግዳ ናት፤ ‹እንግዲህ ልሂድ› ብላ ከተነሣች በኋላ በር ላይ ቆማ ግማሽ ሰዓት ታወራለች። ለማፍጠን የሚዞር ነገር ይኖረው ይሆናል ብለን ያሉትን መዘውሮች ሁሉ አዞርን፤ ባሰበት። ቡድኑ ተስፋ ቆርጦ ለኔ ተወልኝ። እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወደድኩት።

መውደድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። መድረስ ጀመርኩ። ዘዴዬን ልንገራችሁ፦ አንዷን ቁልፍ ተጭኜ በክብሪት እንጨት እወትፋታለሁ፤ እሷ ሳታቋርጥ እም እያለች ትቀራለች። በላይዋ ሌላ ድምፅ ቀስ እያደረግሁ አፈስባታለሁ። ያንን በቴፕ እቀዳለሁ። ከዚያ ቴፑን እያጫወትኩ በላዩ ሌላ ነገር እጨምርና ሁለቱን አንድ ላይ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ሁለተኛ ቴፕ እቀዳዋለሁ። እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም የሚወጣው ነገር ቃል የለው፣ ምት የለው፣ እስክስታ አይወረድበት፣ አይጨበጨብለት። በክረምት ከዓባይ ገደል እየተነሣ መንደሩን የሚያለብሰውን ጉም ይመስለኝ ስለነበር ‹ጉም› አልኩት።

መጀመሪያ ያሰማሁት ለአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሩብ ሰዓት ሙሉ አደመጡ። እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡና፣ ‹‹ደግ ነው ልጄ፤ መቃኘቱን ጨርሰሃል። አሁን ዜማውን ጀምር›› አሉኝ።

ነቢይ በሀገሩ አይከበርም ብዬ ሌላ ሀገር ፈለግሁ። አቀስታ ከተማ ካሳ የሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች ወዳጅ ነበረኝ፤ ወረኢሉ ደግሞ ዋሽንት የሚነፋ መምህር ሙሄ የሚባል። ሦስታችን በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ካሴት እንለዋወጥ ነበር። የደረስነውን እንልካለን፣ አስተያየት በደብዳቤ ይመለሳል። የካሳ ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ ‹‹ውድ ወንድሜ፣ ካሴትህ ደርሶኛል። ቴፔ የተበላሸ መስሎኝ ፈታታሁት። ሙዚቃው እንደሆነ የገባኝ ከገጠምኩት በኋላ ነው። ከበሮ ጨምርበት።›› መምህር ሙሄ ለስላሳ ሰው ነው። ‹‹ወላሂ እጅግ ደስ ይላል። ጥርስ እያበቀለ እንቅልፍ የነሳንን ልጅ አስተኝቶልናል›› ብሎ ጻፈልኝ። ይህንን ደብዳቤ ዓመት ሙሉ በኪሴ ይዤው ዞሬያለሁ።

ችግሩ ካሴት ነው። ባዶ ካሴት ከወርቅ ይበልጥ ይጠፋ ነበር። የማይጠፋው የዲስኩር ካሴት ነው። ከላይ በየወሩ ይላክልናል፤ በገበያ ቀን ምሰሶው ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ማሰማት የኔ ሥራ ነው። ታዲያ ዲስኩሩ ካሴቱን አንድ ጎን ብቻ ነው የሚሞላው፤ ሁለተኛው ጎን ባዶውን ይቀመጣል። ‹ጦም የሚያድር መሬት አይኑር› እየተባለ በሚዘመርበት ሀገር እኔ ጦም የሚያድር የካሴት ጎን ሳይ አንጀቴ አልችል አለ። ሦስታችንም በዲስኩር ጀርባ ላይ መቅዳት ጀመርን። እንዲያውም ጥቅም ነበረው፤ ኬላ ላይ ፈታሽ ቢያገኘው የሚሰማው ዲስኩሩን ነው፤ ሾፌሩን ‹ንቁ ጓድ› ብሎ ይሸኘዋል።

ያን የገበያ ቀን የአቀስታ መኪና ገብቷል የሚል ወሬ ደረሰኝ። ካሳ አዲስ ሥራ ልኮልኛል ማለት ነው። ሾፌሩ ደግሞ ብዙ አይቆምም። ተጣድፌ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ወተፍኩ፣ ተጫንኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ መኪናው በረርኩ። ጎኑን አላየሁም። ጎኑን ባይ ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር።

መኪናው ዘንድ ደርሼ ከሾፌሩ ጋር እየተሳሳምኩ ሳለ ከምሰሶው ላይ አንድ ድምፅ ቀስ እያለ ወጣ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ‹እንዴት ያምራል!› አልኩ። እኔ ከሰማሁት ሁሉ አማረ። ደግሞም ከቀዳሁት ይበልጥ ረጋ ብሏል፤ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዮቹ ስለደከሙ በዋዜማው ፀሐይ ላይ አስጥቻቸው ነበር፤ የፀሐይ ጉልበት ደግሞ ብዙ አይዘልቅም። ሙዚቃው ደቂቃ በደቂቃ እየዘገየ፣ እየወፈረ፣ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ መሰለ።

ከዚያ አጠገቤ ያለው ጨው ሻጭ ባርኔጣውን አወለቀ።

ቀጥሎ በርበሬ ሻጩ አወለቀ። በበግ ዋጋ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች በጉን እንደያዙ ዝም አሉ። ዘመኑን ላልኖራችሁበት እንዲገባችሁ ልንገራችሁ፦ ከዚያ ምሰሶ ላይ የሚሰማው ወይ ዲስኩር ነው ወይ የአዲስ አበባ ራዲዮ ነው። ራዲዮ ደግሞ ዘፈኑን አቋርጦ ቃል የሌለው ቀርፋፋ ሙዚቃ ካስገባ ነገሩ አንድ ነው፤ ትልቅ ሰው ሞቷል። የኛም ይሁን የወዳጅ ሀገር፣ ትልቅ ሰው።

‹‹ማን ይሆን?›› አለ በርበሬ ሻጩ በሹክሹክታ።

‹‹እኔ ምን አውቄ›› አለ ጨው ሻጩ። ‹‹ግን ራዲዮ እንዲህ የሚያዝን ለትንሽ ሰው አይደለም።››

‹‹ያረቢ! እሳቸው ይሆኑ?››

‹‹ዝም በል! ስም አትጥራ። አልቅስ ዝም ብለህ።››

ወደ ድምፅ ማጉያው ክፍል ሮጥኩ። ገበያው ግን ቆሟል፤ በቆመ ሕዝብ መሐል መሮጥ ራሱ ወንጀል ይመስላል። ቀስ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ያዘነ ሰው አረማመድ እየተራመድኩ ሮጥኩ ብላችሁ ተረዱኝ። ስደርስ የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ታረቀ ከቢሮው ወጥቶ ባንዲራው ሥር ቆሟል። ገመዱን በእጁ ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

‹‹ሰምተሃል?›› አለኝ።

‹‹ሰምቻለሁ ጓድ፤ ነገሩ እንኳ…››

‹‹ስም አትጥራ! ስልኩ ተቆርጧል። ደሴን ማግኘት አልቻልኩም።›› ወደኔ ጠጋ አለና ጆሮዬ ሥር፣ ‹‹አንተ ማን ይመስልሃል?›› አለኝ።

አሁን መናገር ነበረብኝ። ‹የሞተ የለም፣ እኔ ነኝ፣ ጎኑ ተገልብጦ ነው› ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ባንዲራው ግን እዚያው ፊቴ ግማሽ ምሰሶ ድረስ ወረደ። ያለ አዋጅ ባንዲራ የሚወርድበት ሀገር የለም፤ ያስወረደ ሰው የት እንደሚወርድ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ባንዲራው ሲወርድ ሕዝቡ የጠረጠረውን አረጋገጠ፤ ገበያው በለቅሶ ተናጠ። እኔ ለመንግሥት ሰው ሲለቀስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ዓይን በነጠላ ጠረግ ጠረግ ተደርጎ ይታለፋል። ይህ ግን ሌላ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ ሽማግሌዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ይንሰቀሰቃሉ። አንዷ እናት ‹‹ልጄን! ልጄን!›› ትላለች። ለባለ ሥልጣን እንዲህ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ ብዬ ለአፍታ ገረመኝ፤ ነገር ግን የራሴ ጭንቅ ስለበዛብኝ አለፍኩት።

ካሴቷ በሠላሳ ደቂቃዋ ቋ ብላ ቆመች። ተገላገልኩ ስል ጓድ ታረቀ በሩን አስከፈተኝና ማይክሮፎን ያዘ። ወገኖቼ፣ ያን ንግግር የሰማ ሰው ተናጋሪ የሚባል ሁሉ ይቅርበት ይላል። ለሩብ ሰዓት ስለ ሟቹ ተናገረ፤ ማን እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የኛ ይሁን የሰው ሀገር ሳይናገር። ‹‹ያጣነው… የሁላችንም የሆነውን ነው። ቦታው ባዶ ቢሆንም ባዶ አይደለም። ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ!›› ሕዝቡም እናውቃለን አለ። አጠገቡ ቆሜ እኔም እናውቃለን አልኩ፤ ከሁሉም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ወደ ቢሮው ጠራኝና ራዲዮኑን ከፈተ። ሁለታችንም ቆመን ዜና አዳመጥን። አንድ ስብሰባ ተካሂዷል። አንድ ጎተራ ተመርቋል። ‹እሳቸው› በሙሉ ጤንነት አንድ የመንግሥት እርሻ ሲጎበኙ ዋሉ። በወዳጅ ሀገርም ሁሉም ደህና ነው። የሰው በሕይወት መኖር እንዲህ ሲያስደነግጥ አይቼ አላውቅም። ጓድ ታረቀ በመስኮቱ ባንዲራውን አየና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

‹‹ማንም አልሞተም›› አለ።

‹‹ጓድ፣ እኔ ነኝ›› አልኩት።

‹‹አንተ ምን ሆንክ?››

‹‹ሙዚቃውን የሠራሁት። በዲስኩሩ ጀርባ ቀድቼው ነው። ጎኑን ሳላይ…››

መጮህ ያሰበ መሰለኝ፤ ድምፁ ግን እንደኔ ቴፕ ደክሟል። ‹‹ምን ለማለት ነው የሠራኸው?›› አለ።

‹‹ምንም ለማለት አይደለም። ጉም ነው።››

‹‹ጉም?››

‹‹ክረምት ክረምት ከገደሉ የሚነሣው።››

‹‹እኔ›› አለ ደረቱን በጣቱ እየነካ፣ ‹‹እኔ ለጉም ባንዲራ አወረድኩ?››

ቢከሰኝ ራሱን መክሰሱ ነው፤ ቢተወኝ ገበያ ሙሉ ሰው አይቷል። እኔን ማሰሩ አይቀርም፤ ጥያቄው አብረን እንታሰር ወይስ ተራ በተራ የሚለው ነበር። የናቴ ፊት በዓይኔ ዞረ። የአባቴ ‹ዜማውን ጀምር› ማለት ትዝ አለኝና ምነው ያኔ ሰምቻቸው ዜማውን በጀመርኩ ኖሮ አልኩ።

በሩ ተንኳኳ። እማማ የሺ ገቡ። እማማ የሺ ከከተማው በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ መንደር የሚመጡ ገበሬ ናቸው። አንድ ልጃቸው ዳምጤ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ዘምቷል። አብሮ አደጉ ቆስሎ ሲመለስ ‹እጄ ላይ ነው ያረፈ› ብሎ ነግሯቸዋል። እዚህ ቢሮ ሦስት ጊዜ መጥተው ለቅሶ ልቀመጥ ቢሉ፣ የመርዶ ወረቀት ሳይመጣ ማልቀስ የጠላት ወሬ መንዛት ነው ብሎ የመለሳቸው ራሱ ጓድ ታረቀ ነው። ያን ቀን ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው አብጦ ገቡና ጉልበቱን ሊስሙ አጎነበሱ።

‹‹ምነው እማማ፣ ምነው?›› አለ ደንግጦ ብድግ እያለ።

‹‹ተወኝ የኔ ልጅ፣ ልሳምህ። ጨክነህብኝ መስሎኝ ረግሜህ ነበር፤ አፈር ስሆን ይቅር በለኝ። ለካ ቀን ስትጠብቅለት ነው። ባንዲራውን ዝቅ አድርገህ፣ ያን የመሰለ ነገር አስነፍተህ አስለቀስክልኝ። ሦስት ዓመት እዚህ ላይ ተቀምጦ ነበር›› አሉ ጉሮሯቸውን እየያዙ። ‹‹ዛሬ ወጣልኝ። ለዳምጤ ነው አይደል?››

ያቺ ‹‹ልጄን!›› ስትል የሰማኋት ሴት እሳቸው እንደነበሩ ያኔ ነው የገባኝ። እሳቸው ብቻም አልነበሩም። ያ ገበያ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀው ለወጉ ነው፤ ያለቀሰው የየራሱን ሟች ነው። ማፈሬን አልደብቃችሁም፤ እኔ ለነፍሴ ስሯሯጥ ሰው እዚያ ልጁን ይቀብር ነበር።

ጓድ ታረቀ እኔን አየ። መስኮቱን አየ። ላቡን ጠረገ።

‹‹አዎ እማማ›› አለ። ‹‹ለዳምጤ ነው።›› ይህን ያለው ራሱን ለማዳን እንደሆነ አውቃለሁ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ተሰበረ። ‹‹መቆየት አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ።››

‹‹እግዜር ይቅር ይበለን። እንግዲህ ወረቀቱም መጥቷላ?››

ወረቀቱ ያን ጊዜ መጣ። ጓድ ታረቀ ራሱ ታይፕ ላይ ተቀምጦ በሁለት ጣቱ መታው፤ ማኅተም አደረገበት። እማማ የሺ ማንበብ አይችሉም፤ አራት አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱትና ተዝካሩን ለማሰናዳት ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ጓድ ታረቀ ሌላ ወረቀት አስገባና ለበላይ አካል ሪፖርት ጻፈ፦ በግዳጅ ላይ ለወደቀ አንድ የአካባቢው ጀግና ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ፣ ባንዲራ ዝቅ ብሎ፣ ልዩ በተደረሰ ሙዚቃ የክብር መታሰቢያ ተደርጓል። ‹ልዩ በተደረሰ› የሚለውን ሲመታ በጎን አየኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለዚህ ነው።

መዳን አለመዳናችን ግን ገና አልታወቀም። አራት ቀን ምግብ በአፌ አልዞረም። በአምስተኛው ቀን ስልኩ ተቀጠለ፤ ከደሴ ተደወለ። ጓድ ታረቀ ቆሞ ነው ያነጋገራቸው። ‹‹አቤት ጓድ… አቤት… እሺ ጓድ›› አለና እጀታውን አስቀመጠ። ‹‹አርአያነት ያለው ሥራ ነው አሉ›› አለኝ። ‹‹ይቀጥል አሉ።››

ሁለታችንም ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በቀጥታ ምግብ ቤት ሄጄ የአራት ቀኑን ምሳ አንድ ላይ በላሁ። እንዲያ ጣፍጦኝ የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወሬው አቀስታ ደርሶ ኖሮ ካሳም በማግስቱ ደብዳቤ ላከ፦ ‹‹ከበሮ እንዳትጨምርበት።››

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስመጣ የቢሮው በር በእናቶች ተሞልቷል። ነጠላቸው ሁሉ ተዘቅዝቋል። የእማማ የሺን ወረቀት ሰምተው፣ ከየገደሉ ማዶ ተነሥተው የመጡ ናቸው። ጓድ ታረቀ ውስጥ ተቀምጦ ስም ይጽፋል፤ እያንዳንዷ የልጇን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የዘመተበትን ወር ትነግረዋለች። ቀና ብሎ አየኝ።

‹‹አንዱ ጎን ስንት ደቂቃ ነው?›› አለኝ።

‹‹ሠላሳ።››

‹‹አሥራ ዘጠኝ ናቸው።››

‹‹አንድ ላይ ነው ጓድ። ለቅሶ አይከፋፈልም።››

እሺ ብሎ ባንዲራው ዘንድ ሄደ። እኔ ወደ ድምፅ ማጉያው ክፍል ሳልፍ ከእናቶቹ አንዷ፣ በትር የያዙ አሮጊት፣ እጄን ያዙኝ።

‹‹የምትነፋው አንተ ነህ?››

‹‹እኔ ነኝ እማማ። አሁን እጀምራለሁ፤ ይቅርታ አስቆየኋችሁ፣ መቼም…››

‹‹አብሽር ልጄ፣ አትቸኩል›› አሉኝ እጄን መታ መታ እያደረጉ። ‹‹እኛ ሦስት ዓመት ቆይተናል።››